ተማሪው የረሳውን ሳይከልሱ መጽሐፍ መጨረስ ትርፉ ድካም ነው

አንድ ጊዜ የታረሰ ማሳ ለዘለዓለም የታረሰ ሆኖ እንደማይቀር ከገበሬው የተሰወረ አይደለም። ክረምቱን ሳይታረም የከረመ መሬት በአረም ይዋጣል፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ጦም ካደረ ደግሞ ቁጥቋጦ አብቅሎ እንደገና መመንጠርን ይጠይቃል። የልጆች ትምህርትም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። አምና ፊደል ለይቶ ቃል አጣምሮ ያነብ የነበረ ልጅ ዘንድሮ መጽሐፉን ገልጦ ዝም ሲል፣ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ይደምር የነበረው ተመልሶ በጣቱ መቁጠር ሲጀምር፣ ወላጁ «ልጁ ደነዘ» ይላል። አስተማሪውም «አምና ያስተማረው ሰው ምንም አላስተማረም» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም አባባል ለልጁ የሚፈይደው ነገር የለም።

ለሱዳን ድንበር በተጠጋው በሸርቆሌ ወረዳ ይህ ጉዳይ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በአካባቢው ልጆች ከትምህርት ገበታ ለሳምንታት የሚርቁባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ክረምት ሲገባ አረም አለ፤ አዝመራው ሲደርስ ወፍ መጠበቅ፣ ማሽላና ሰሊጥ መሰብሰብ አለ፤ በበጋ ደግሞ ወርቅ መቆፈርና ማጠብ የብዙ ቤተሰብ ገቢ ነው። ልጁ ከዚህ ሁሉ ሲመለስ ክፍሉ ጥሎት ሄዷል። በመሆኑም ልጁ ለምን ረሳ ብሎ ከመውቀስ ይልቅ፣ የረሳውን ለመመለስ አስተማሪው ምን ማድረግ ይችላል? ዛሬም ሕዝቡ ገበሬ ማኅበር እያለ በሚጠራው የገጠር ቀበሌ ያሉ መሪዎችስ ድርሻቸው ምንድን ነው? ብሎ መጠየቁ ይበጃል።

ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተገኘ ትምህርት

የተማሩትን መርሳት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ትልቅ ሥፍራ ያለው መሆኑ አይካድም። በየገበሬ ማኅበሩ ዳስ ተጥሎ፣ ጎልማሳውና እናቶች ከሥራ መልስ ሀሁ ቆጥረዋል። ትምህርቱ መጀመሪያ በአምስት፣ እየቆየም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች የተሰጠ ሲሆን ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት በዩኔስኮ በኩል አግኝቷል።

ይሁን እንጂ ውጤቱ የታሰበውን ያህል አልጸናም። በዘመቻው የመጨረሻ ዓመታት ከሕዝቡ ከ70 በመቶ የሚበልጠው ማንበብና መጻፍ እንደቻለ ይነገር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ሩብ እንኳ የማይሞላ መሆኑን አሳየ። ልዩነቱ በሙሉ ከመርሳት የመጣ ነው ለማለት አይቻልም፤ ሪፖርቱ ራሱ ከልኩ ያለፈ እንደነበር የሚናገሩ አሉ። ቢሆንም የምስክር ወረቀት ከተቀበሉ በኋላ ፊደሉ ጠፍቶባቸው ዛሬም በጣታቸው የሚፈርሙ አዛውንት በየቀበሌው መኖራቸውን የማያውቅ መሪ የለም።

ዘመቻው ሲታቀድ መርሳት እንደሚመጣ አልተዘነጋም ነበር። ፈተናውን ላላለፉት የማካካሻ፣ ላለፉት ደግሞ የክትትል ትምህርት ተዘጋጅቶ ነበር፤ በየገጠሩም የንባብ ቤቶች ተከፍተው ነበር። በብዙ ሥፍራ ግን ዳሱ ፈርሶ፣ ንባብ ቤቱም ተዘግቶ ወይም ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። የሚነበብ ነገር በእጁ የሌለው ሰው ንባቡን ይዞ ሊቆይ አይችልም። በሸርቆሌ አካባቢ ደግሞ ሌላ ችግር ተጨምሮ ነበር። በርታም ሆነ ጉሙዝ ከአሥራ አምስቱ የዘመቻ ቋንቋዎች መካከል አልነበሩም። ስለዚህ የአካባቢው ገበሬ ፊደልንና በቤቱ የማይነገረውን ቋንቋ በአንድ ላይ መማር ነበረበት። እንዲህ ሆኖ የተያዘ ትምህርት ፈጥኖ ቢጠፋ የሚያስገርም አይሆንም።

መርሳቱ እንዴት ይመጣል?

ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰው የተማረውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በብዛት እንደሚረሳ፣ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ከዚህ ይልቅ ለአስተማሪ የሚጠቅመው ሁለተኛው ግኝቱ ነው። አንድ ጊዜ የታወቀ ነገር ጨርሶ የጠፋ ቢመስልም እንኳ ዳግመኛ ሲማሩት ከመጀመሪያው ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የረሳ ልጅና ከነጭራሹ ያልተማረ ልጅ አንድ አይደሉም።

በአሜሪካም በ1996 እ.ኤ.አ. 39 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ምሁራን፣ ተማሪዎች በረጅሙ የዕረፍት ጊዜ በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት እንደሚያጡ፣ በሒሳብና በፊደል አጻጻፍ ደግሞ ጉዳቱ እንደሚብስ ገልጸዋል። በቤቱ መጽሐፍና የተማረ ወላጅ ላለው ልጅ ሁኔታው እንዲህ ከሆነ፣ የሚያነበው ወረቀት በማይገኝበት ጎጆ የሚከርመው ልጅ ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም።

ከዕረፍት ጊዜ የሚከፋ መቋረጥም ደርሷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሲዘጉ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ቤታቸው ውለዋል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረውም ትምህርት ለአብዛኛው የገጠር ልጅ አልደረሰም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከልና በካማሺ ዞኖች ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በተነሣው ግጭት ብዙ ሕፃናት ከነቤተሰባቸው ተፈናቅለው ትምህርታቸው ተቋርጧል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በኩርሙክ በኩል ድንበር የተሻገሩ ልጆች ወደ አካባቢው መጥተዋል።

እዚህ ላይ ከፓኪስታን የተገኘ አንድ ማስረጃ መጥቀሱ ተገቢ ይሆናል። በዚያች አገር በጥቅምት 2005 እ.ኤ.አ. ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ በአካባቢው የነበሩ ትምህርት ቤቶች በአማካይ 14 ሳምንት ያህል ተዘጉ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን ለአደጋው ቅርብ የነበሩት ልጆች ራቅ ብለው ከነበሩት በአንድ ዓመት ተኩል ያህል ትምህርት ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የቆየው ከሦስት ወር ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ሆኖ ሳለ ጉድለቱ እንዲህ ሊሰፋ የቻለው ልጆቹ ከተመለሱም በኋላ ወደኋላ መቅረታቸውን ስለቀጠሉ ነው። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ አስተማሪው የጎደለውን ሳይሞላ በመደበኛው መጽሐፍ መቀጠሉ ነው። መሠረቱን የሳተ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውንም አይዝም፤ ጉድለቱም በየወሩ ይጨምራል። እንግዲህ ተማሪውን ይበልጥ የሚጎዳው ከመቋረጡ በኋላ የሚሠራው ስሕተት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ልጁ የቆመበትን ማወቅ

የግብርና ባለሙያ ማሳውን ሳያይ ምክር አይሰጥም። አስተማሪም በመስከረም ወይም ልጆች ከረጅም ጊዜ በኋላ በሚመለሱበት ወቅት መጽሐፉን ከመግለጡ በፊት እያንዳንዱን ተማሪ ለየብቻ ማየት ይኖርበታል። ለዚህ የታተመ ፈተና አያስፈልግም። በአንድ ወረቀት ላይ ጥቂት ፊደላት፣ ጥቂት ቃላት፣ አንድ አጭር አንቀጽና ስለ አንቀጹ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ይጻፋል። ለሒሳቡም ከባለ አንድ አኃዝ መደመር ጀምሮ እስከ ማካፈል ያለ ጥቂት ጥያቄ ይበቃል። ልጁ የቆመበትን ነጥብ መዝግቦ ለመያዝ ለአንድ ተማሪ አምስት ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። ስድሳ ተማሪ ያለበት ክፍል በአንድ ሳምንት ይጠናቀቃል። ይህ ምዘና ማርክ ሊሰጥበት አይገባም፤ ማርክ ካለበት ልጁ ይኮርጃል፣ አስተማሪውም እውነቱን አያገኝም።

እንዲህ ያለው ምዘና አስፈላጊ መሆኑን የሚያሳይ መረጃ በአገራችን አለ። በ2002 ዓ.ም. ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ በተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ሁለተኛ ክፍል ተቀምጠው የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዘው ነበር።

ከምዘናው በኋላ አስተማሪው ሦስት ዓይነት ልጆችን ለይቶ ሊያይ ይገባዋል። የመጀመሪያው ያውቅ የነበረውን የረሳ ነው፤ ለእርሱ የሁለትና የሦስት ሳምንት ክለሳ ብዙውን ነገር ይመልስለታል። ሁለተኛው አስቀድሞም ያልገባውና ጓደኛውን እያየ ሲገለብጥ የኖረ ነው፤ ይህ ልጅ ከሀሁ ጀምሮ መማር አለበት። ሦስተኛው ችግሩ ከትምህርት ውጭ የሆነ ነው። ዓይኑ ወይም ጆሮው የታመመ፣ የተራበ፣ በግጭት ጊዜ ያየው ነገር ያስደነገጠው ልጅ ችሎታው ሁሉ እንደጠፋ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይናገር የነበረ ልጅ ዝም ቢል፣ ሽንቱን ይቆጣጠር የነበረው ሌሊት ማምለጥ ቢጀምረው፣ ይህ ስንፍና ስላልሆነ ቅጣት አይገባውም። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው በየቀኑ የማይለዋወጥ የክፍል ሥርዓትና የሚታገሥ አስተማሪ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲታይ ማድረግ ያስፈልጋል። በተለይ መናገርን ወይም መራመድን የመሰለ ችሎታ እየጠፋበት የሚሄድ ልጅ ሳይውል ሳያድር በሐኪም መታየት አለበት።

የክለሳ ሰዓት

ልጆቹ ከተለዩ በኋላ በሁለተኛ፣ በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ያሉትን በቀን አንድ ሰዓት እንደ ችሎታቸው አደባልቆ ማስተማር ይቻላል። ፊደል የሚለዩት አንድ ቡድን፣ ቃል የሚያነቡት ሌላ፣ አንቀጽ የሚያነቡት ሦስተኛ ቡድን ይሆናሉ። ሦስት አስተማሪዎች በዚያው ሰዓት አንዳንድ ቡድን ይይዛሉ። ቀሪው ሰዓት እንደተለመደው በየክፍሉ ይቀጥላል። ይህ ዘዴ በሕንድ አገር ፕራትሃም በሚባል ድርጅት በሰፊው ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ያስገኘ ነው። ተጨማሪ ሕንፃ ወይም ተጨማሪ ደመወዝ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የአስተማሪዎቹን ስምምነትና የርዕሰ መምህሩን ፈቃድ ነው።

ክለሳው ግን ከሰሌዳ መገልበጥ መሆን የለበትም። ልጁ ደብተሩን ዘግቶ ትናንት የተማረውን ከራሱ አውጥቶ እንዲናገር ወይም እንዲጽፍ ሲደረግ ትምህርቱ ይጸናል። በየዕለቱ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ለትናንቱ፣ ዓርብ ለሳምንቱ፣ የወሩ መጨረሻ ለወሩ ቢመደብ ለሚቀጥለው መቋረጥ መከላከያ ይሆናል።

ይህ ከውጭ የመጣ ብልሃት ነው ብሎ የሚጠራጠር ቢኖር የቁርኣንና የቄስ ትምህርት ቤቶችን ይመልከት። በቁርኣን ትምህርት ቤት ልጁ በሉህ ላይ የተጻፈለትን ለአስተማሪው በቃሉ ሳያሰማ አዲስ አይጻፍለትም። በቄስ ትምህርት ቤትም ተማሪው የያዘውን ደጋግሞ ሳያደላድል ወደ ሌላ አይሻገርም። አባቶች ክለሳን የትምህርት ግማሽ አድርገው ይዘውት ኖረዋል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ትቶ ገጽ ወደ መቁጠር ማዘንበሉ የሚያሳዝን ነው።

የቋንቋው ነገር

በሸርቆሌ የአብዛኛው ልጅ የአፍ መፍቻ በርታ ሲሆን በገበያ ዐረብኛም ይሰማል። በክልሉ ለበርታ፣ ለጉሙዝና ለሽናሻ ቋንቋዎች ፊደል ተቀርጾ በአንደኛ ደረጃ የታችኛው ክፍል መማሪያ መሆናቸው ትልቅ እርምጃ ነው። የበርታ ልጅ በላቲን ፊደል የጀመረውን ንባብ ይዞ ከ230 በላይ ሆሄያት ወዳሉት የአማርኛ ፊደል ሲሻገር ግን ለጥቂት ጊዜ መንገዳገዱ አይቀርም። ያን ጊዜ የረሳ ይመስላል። አስተማሪው በዚህ ወቅት ሁለቱን ፊደላት ጎን ለጎን አድርጎ ቢያሳየውና ጥያቄውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ደግሞ ቢጠይቀው፣ የጠፋው ዕውቀቱ ነው ወይስ ቃሉ ብቻ ነው የሚለውን ይለያል። በገበያ የማንጎ ሒሳብ ሳይሳሳት የሚሠራ ልጅ በአማርኛ የቀረበለትን መደመር ቢስት፣ ሒሳብ አያውቅም ብሎ ወደ ታች ማውረድ ፍርደ ገምድልነት ነው። አስተማሪው በርታ የማይችል ከሆነ ከላይኛው ክፍል አንድ ጎበዝ ተማሪ ሊያስተረጉምለት ይችላል።

አስተማሪው ብቻውን አይወጣውም

አስተማሪዎች የሚያነሡት ተገቢ ቅሬታ አለ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ «ስንተኛው ምዕራፍ ደረስህ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ወደኋላ ተመልሶ የሚከልስ አስተማሪ ሰነፍ ተብሎ ሊመዘገብ ነው። ጎበዞቹ ተማሪዎች ይጎተታሉ የሚልም ሥጋት አለ። ለሁለተኛው መልሱ ክለሳው በቀን አንድ ሰዓት መሆኑና ጎበዞቹም በዚያ ሰዓት በራሳቸው ቡድን ከፍ ያለ ንባብ የሚሰጣቸው መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ቅሬታ ግን አስተማሪው ብቻውን ሊፈታው አይችልም። እዚህ ላይ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ ይመጣል።

መሪዎች በቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድና በወላጅ መምህራን ኅብረት ውስጥ ድምፅ አላቸው። በዚያ ስብሰባ ላይ «መጽሐፉ አልቋል ወይ?» በማለት ፈንታ «ስንት ልጅ ማንበብ ቻለ? ከመስከረም ወዲህ ስንቱ ተሻሻለ?» ብለው ቢጠይቁ የአስተማሪው ሥራ አቅጣጫውን ይለውጣል። ይህንኑ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ካሳወቁ፣ የሚከልሰው አስተማሪ የሚቆምለት ወገን ያገኛል።

ሁለተኛው የሥራ ወቅት ጉዳይ ነው። ልጆች ቤተሰባቸውን አይርዱ ማለት የገበሬውን ኑሮ አለማወቅ ነው። ነገር ግን አዝመራ በሚሰበሰብበት ወቅት ቤተሰቦች በደቦ ተረዳድተው ልጆች ግማሽ ቀን እንዲማሩ፣ ወደ ወርቅ ቁፋሮ ደግሞ በትምህርት ሰዓት ልጅ እንዳይላክ በጠቅላላ ስብሰባ ቢወሰን የሚቻል ነገር ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ልጅ ከትምህርቱ ሌላ ሕይወቱም ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ሦስተኛው የክረምቱ ጊዜ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ሰኔ ሲያልቅ መጻሕፍቱ ተሰብስበው በመጋዘን ይቆለፋሉ፤ ምስጥና እርጥበት ይበላቸዋል። ቀበሌው ኃላፊነት ወስዶ ጥቂቱን እንኳ በክረምት ለልጆች ቢያውስ ከሚጠፋው የሚተርፈው ይበልጣል። ከአሥረኛ ክፍል በላይ የደረሱ የቀበሌው ወጣቶች በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ትንንሾቹን ሰብስበው ቢያስነብቡም ብዙ ይረዳል። ለትምህርት ቤቱ ከሚመጣው ድጎማ ጥቂቱ አጫጭር የንባብ መጻሕፍት ሊገዛበት ይችላል።

አራተኛውም ቀላል ነው። የቀበሌው ማስታወቂያ በበርታና በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ፤ በስብሰባም ላይ አንድ ተማሪ ተነሥቶ ያንብበው። የሰሊጡን ክብደትና ዋጋ ልጁ ለአባቱ ያስላ፤ በፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ ላይ የተጻፈውን መጠንና ማስጠንቀቂያ ልጁ ለቤተሰቡ ያንብብ። መጠኑን ባለማንበብ ስንት ሰብልና ስንት ከብት እንደሚጎዳ የግብርና ሠራተኞች ያውቁታል። በየዕለቱ ሥራ ላይ የዋለ ንባብ አይረሳም፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውም የጎደለው ይኸው ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጋር በልጁ ላይ የሚነገረው ቃል ጥንቃቄ ያሻዋል። «ደደብ» እየተባለ የሚሰደብ ልጅ ስሕተቱን መደበቅ ይማራል፤ ቆይቶም ከነጭራሹ ይቀራል። በተለይ ልጃገረድ ከሆነች ከትምህርት ቤት መቅረቷ ወደ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሊያደርሳት ይችላል።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ የረሳ ልጅ በመስከረም ቢያዝ በጥቂት ሳምንት ይመለሳል፤ እስከ ሰኔ ከተተወ ግን ከሚቀጥለው ክፍል ጋር ሌላ ጉድለት ይደረብበታል። ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ትምህርት ቤት በሚከፈትበት የመጀመሪያ ሳምንት ርዕሰ መምህሩንና አስተማሪዎቹን ጠርተው ስለ ምዘናው፣ ስለ ክለሳው ሰዓትና ስለ ሥራው ወቅት ተነጋግረው ቢስማሙና በየወሩ መጨረሻ ውጤቱን ቢከታተሉ፣ ለቀበሌያቸው ልጆች የሚሠሩት ሥራ በዓመቱ መጨረሻ በዓይን የሚታይ ይሆናል።